መብራቱ ከፍ ሲል

ተስፋነሽን ስለ ጫጩት ብትጠይቋት ጆሯችሁ እስኪደክም ታወራችኋለች፤ ስለ ራሷ ብትጠይቋት ግን ሁለት ቃል ሳትናገር ወሬውን ወደ ጫጩት ትመልሰዋለች። ቡራዩ ውስጥ፣ ከገፈርሳ በሚመጣው መንገድ በኩል፣ "የጫጩቷ ሴትዮ ቤት የት ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው አይጠፋበትም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። በሩ ሳይከፈት ጪው ጪው የሚለው ድምፅ ቀድሞ ይቀበላችኋል።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ከእንቁላል በወጡ ማግስት በካርቶን የሚመጡ ጫጩቶችን ትቀበላለች፣ አርባ አምስት ቀን ታሳድጋለች፣ ክትባታቸውን አስጨርሳ ለሚያረባ ሰው ታስረክባለች። ብዙ ሰው ሞክሮ ተወው፤ ጫጩት ለመሞት ምክንያት አታጣም። ተስፋነሽ ጋ የሚሞቱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ምስጢሩ ምንድን ነው ሲሏት "እነሱው ይነግሩኛል" ትላለች። ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነቷን ነው። ከጣሪያው በገመድ ከተንጠለጠሉት ሁለት ቀይ አምፖሎች ስር እንዴት እንደተኙ ታያለች። ተደራርበው መብራቱ ስር ከተከማቹ በርዷቸዋል፤ ሸሽተው ግድግዳ ከተጠጉ ሞቋቸዋል። ልክ ሲሆን ከመብራቱ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ክብ ሠርተው፣ ክንፋቸውን ፈታ አድርገው ይተኛሉ። መኖ የምትሸጥላት ራቢአ አንድ ጊዜ ቴርሞሜትር በስጦታ አመጣችላት። ተስፋነሽ አመስግና ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችውም።

ትልቁ ሙያዋ ግን መብራት ማንሳት ነው። በየሳምንቱ ገመዱን ትስብና አምፖሉን አንድ ስንዝር ከፍ ታደርገዋለች። አዲስ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጫጩቷ ታሳዝነውና ብርድ እንዳይነካት ብሎ መብራቱን ዝቅ እንዳለ ይተወዋል። ሙቀት የለመደች ጫጩት ደግሞ ላባ ለማብቀል አትቸኩልም፤ ጊዜዋ ደርሶ ስትወጣ የገፈርሳ ንፋስ አንዴ ሲያገኛት በቃ። ተስፋነሽ በሌላው ነገር ዝምተኛ ናት፣ በዚህ ግን ለማንም አትመለስም። ከጫንጮ ድረስ እየመጡ ጫጩት የሚወስዱትን ኦቦ ቦሩን እንኳ፣ ያን ትልቅ ሰው፣ "አዝነውላቸው ገደሏቸው እኮ!" ብላ ተቆጥታቸዋለች። ኦቦ ቦሩ ሳቁና "ዱጋ ኬ፣ እውነትሽን ነው" አሏት። ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነግሯት መብራቱን የት እንዳደረሱት ነው።

መብራቱ ቀይ የሆነውም ለማማር አይደለም። ጫጩት ደም ካየች ትጨክናለች። አንዷ ትንሽ ከቆሰለች ሌሎቹ ቁስሏን በመንቁራቸው እየወጉ ይጨርሷታል። በቀይ ብርሃን ውስጥ ግን ቀይ ነገር ተለይቶ አይታይም። የቆሰለችው ከጤነኞቹ መሃል ተኝታ ማንም ሳይነቃባት ትድናለች።

ተስፋነሽ ይህን ሁሉ የተማረችው ሱሉልታ አካባቢ በነበረ አንድ የዶሮ እርባታ ውስጥ ተቀጥራ ነው። ከባሏ ከማርቆስ ጋር ከዱራሜ የመጡት ገና እንደተጋቡ ነበር፤ እሱ ግንበኛ ነው፣ እስከ ዛሬም ሕንፃ በተጀመረበት ሁሉ አለ። እርባታው ውስጥ አንድ ቀን፣ ሰባት ወር እርጉዝ ሳለች፣ ጎንበስ ብላ ውሃ ስትቀይር ትኩስ አምፖል ግራ ጉንጯን ነካት። ደንግጣ በመዳፏ ጉንጯን ያዘች። ትንሽ ተላጠና በሳምንቱ ዳነ፤ የሚነገር ነገር እንኳ አልነበረም። ሁለት ወር ቆይታ ሜሪን ወለደች። አዋላጇ ልጅቷን ስታቅፋት ተስፋነሽ መጀመሪያ ያየችው ግራ ጉንጯን ነው። ከጉንጯ ተነስቶ እስከ ቅንድቧ ድረስ፣ የቀይ ሥር ውሃ የተደፋበት የመሰለ ምልክት ነበረባት።

ተስፋነሽ አገር ቤት እናቷ እርጉዝ ሴት ስትደነግጥ የነካችው ቦታ በልጁ ላይ ይወጣል ስትል ሰምታ አድጋለች። ጎረቤቶች "ማርያም ስማት ነው" አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ጌታ ለይቶ ሊያውቃት ነው" አሉ። ማርቆስ ደግሞ ልጁን አይቶ "ቆንጆ ናት" አለና ደክሞት ስለነበር ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ተስፋነሽ ግን ማን እንዳደረገው ታውቃለች። እኔ ነኝ፣ ይቺ እጄ ናት አለች በሆዷ። አሥራ ሰባት ዓመት ለማንም፣ ለማርቆስም ጭምር፣ ትንፍሽ ሳትል ኖረች።

ሳትናገር ታዲያ ትከፍል ነበር። መንገድ ላይ ሁልጊዜ በሜሪ ግራ በኩል ትሄዳለች፣ ሰው ከዚያ በኩል እንዳያያት። ታክሲ ውስጥ ሜሪን በግራ መስኮት ጥግ ታስቀምጣታለች። ጸጉሯን ወደ ግራ ጥላ ትሠራታለች። መዘምራን ሲመረጡ የኳየሩን አሠልጣኝ ለብቻው ጠርታ ልጅቷ ከኋላ ረድፍ፣ ከግራው ጥግ፣ ከግድግዳው አጠገብ እንድትቆም ለመነችው። ቤት ውስጥ ሜሪ ፊት ለፊት የተነሳችው አንድም ፎቶ የለም። ይህን ሁሉ ስታደርግ ተስፋነሽ ስለ ምልክቱ አንዲት ቃል አንስታ አታውቅም። ለልጁ ሲሉ የሚደረግ ነገር እንዲህ በዝምታ ሲሆን ልጁ ራሱ ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም።

ሜሪ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታጠናው የጫጩቱ ክፍል ውስጥ ነው። ስምንት ዓመቷ ላይ ትንሽ መስታወት ይዛ ገብታ፣ ቀዩ መብራት ስር ፊቷን አየችና "እማ፣ ጠፋ!" ብላ ጮኸች። እውነትም ጠፍቶ ነበር። ግራውም ቀኙም አንድ ሆኖ፣ ዓይኗ ብቻ እያበራ ነበር። ተስፋነሽ ያን ቀን ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሰጋቱራ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ልጅቷ ደግሞ ከጫጩቶቹ ጋር ስትዘል ዋለች። ከዚያ ወዲህ ውጭ ዝምተኛዋ ሜሪ እዚያ ክፍል ስትገባ ወሬኛ ናት። እናትም ልጅም ክፍሉን ወደዱት።

ባለፈው ዓመት ሜሪ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ ገባችና የመኖ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

"እማ፣ ፀሐይ ከቦታዋ የማትነቃነቅበት አገር ቢኖርስ?"

"የት ነው ደግሞ እሱ?"

"ፕሮክሲማ የምትባል ኮከብ አለች። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የምትቀርበው እሷ ናት። ብርሃኗ እዚህ እስኪደርስ አራት ዓመት ከምናምን ይፈጅበታል።"

"እና ይሄ ነው ቅርብ?"

"ለኮከብ ጎረቤት ማለት ነው።" ሜሪ ሳቀች። "ቀይ ድንክ ነው የሚሏት። ትንሽ ስለሆነች፣ ብርሃኗም ደካማ ስለሆነ በዓይን አትታይም። ግን አንዲት ፕላኔት በጣም ተጠግታ ትዞራታለች። ከመጠጋቷ የተነሳ አንድ ዓመቷ አሥራ አንድ ቀን ነው።"

ተስፋነሽ ጫጩቶቹን አየች። "እነዚህ ከእኔ ጋ ሲወጡ አራት ዓመት ይሞላቸዋላ!"

"እኔም ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ነኝ።"

"ታዲያ ይሞቃል ይበርዳል አገሩ?"

"ጥያቄው እሱ ነው። አንድ ፊቷን ብቻ ወደ ኮከቧ አዙራ ቀርታለች ብለው ይገምታሉ፣ ጨረቃ ወደ እኛ እንደምታደርገው። በዚህ በኩል ሁልጊዜ ቀን ነው፣ በዚያ በኩል ሁልጊዜ ሌሊት። እዚህ ቢያቃጥል እዚያ በረዶ ነው።"

"መሃሉ ላይ ነዋ!" አለች ተስፋነሽ ወዲያው፣ ክብ ሠርተው ወደተኙት ጫጩቶች እያመለከተች። "ከሙቀቱም ከብርዱም ራቅ ብሎ፣ ዙሪያውን።"

ሜሪ እናቷን አፍጥጣ አየቻት። "እማ፣ ሳይንቲስቶቹ ይቺን ለማለት ስንት ኮምፒውተር ፈጅተዋል መሰለሽ!"

ተስፋነሽ ያን ያህል ኮርታ አታውቅም። ሰው ይኖርበት እንደሆን ጠየቀች። ውሃም ይኑራት አየር ይኑራት ገና አልታወቀም አለቻት ሜሪ፤ ግን ተክል ቢኖር ጥቁር ሊሆን ይችላል፣ ያቺን ደካማ ብርሃን አንድም ሳያስቀር ለመጠጣት። ሰማዩ እንደዚህ ክፍል ይሆናል፣ ኮከቧም ሰማይ ላይ ከእኛ ፀሐይ በሦስት እጥፍ ሰፍታ ትታያለች። ከዚያ ጉንጯን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ እንደ ቀልድ፣ "እዚያ ብወለድ ኖሮ ይሄ አይታይም ነበር" አለች።

ተስፋነሽ ውሃ ልትቀይር ተነሳች፤ ውሃው ገና አሁን የተቀየረ ነበር።

በሳምንቱ የፊዚክስ መምህሯ የህያ፣ ሰበታ ላይ በሚደረገው የተማሪዎች የሳይንስ ቀን ስለዚያች ፕላኔት እንድትናገር ሜሪን መረጣት። ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም ተማሪ ይሰበሰባል። ተስፋነሽ በሰማች ጊዜ መጀመሪያ የጠየቀችው ስንት ሰው እንደሚያያት ነው። ሜሪ ግን ሁሉንም አስባበታለች። የአዳራሹን መስኮት በጥቁር ላስቲክ ትሸፍናለች፣ ከጫጩቱ ክፍል ሁለት መብራቶች አንዱን ለአንድ ቀን ወስዳ ትሰቅላለች፣ ሰዉን እዚያች ፕላኔት ላይ እንዳለ ታደርገዋለች። "አንቺም ትመጫለሽ" አለቻት።

ተስፋነሽ ያን ጊዜ ልቧ ወደ ቦታው ተመለሰ። በቀይ መብራትማ ማን ያያታል! ራሷ አምፖሉን ወለወለች፣ ራሷ ላስቲኩን ከራቢአ ሱቅ መርጣ አመጣች። ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ሜሪ የቀረውን የነገረቻት።

"ኮከቧ አንዳንዴ ትነድዳለች፣ እማ። ድንገት ነው። ያን ጊዜ ቀይነቱ ይቀርና ሁሉ ነገር በነጭ ብርሃን ይጥለቀለቃል። እኔ 'ነደደች' ስል አንቺ ላስቲኩን ትስቢዋለሽ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በዚያ መስኮት ነው የምትገባው፣ መምህር የህያ ሄዶ አይቶታል።"

"ፊትሽ ላይ?"

"መድረኩ ላይ።"

"ሌላ ሰው ፈልጊ" አለች ተስፋነሽ። "ወይም እሱን ተይው። ቀዩ ብቻውን ያምራል፣ ምን ጎደለው?"

"እሱን ካላሳየሁ እኮ ውሸት ነው የማወራው! እዚያ መኖርን ከባድ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀዩን ብቻ ካሳየኋቸው ተረት ነገርኳቸው ማለት ነው።"

"ሰው ይስቅብሻል፣ ልጄ።"

ወጣ። አሥራ ሰባት ዓመት ታፍኖ የኖረው በሦስት ቃል ወጣ። ሜሪ አልተቆጣችም፣ ያ ነው ተስፋነሽን ይበልጥ የጎዳት። "አውቃለሁ፤ በየቀኑ እኮ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ እማ። እዚያ ያለ አንቺ ነው የምሄደው" አለች በቀስታ።

ሰበታ የሄዱት ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው። አምፖሉ በፎጣ ተጠቅልሎ ተስፋነሽ ጭን ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ተማሪው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተጨናንቆ፣ ወላጅና መምህር ከኋላ ቆሞ። መምህር የህያ ተስፋነሽን መስኮቱ አጠገብ አቆማትና "እናት፣ ዋናው ሰው እርስዎ ነዎት" አላት። ቀልዱ አላሳቃትም።

ነጩ መብራት ጠፍቶ ቀዩ ሲበራ አዳራሹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት ሆነ። ብጉር ያለበትም፣ ጠባሳ ያለበትም፣ ጠይሙም ቀዩም ጠፋ። ሜሪ መናገር ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ከዚያ የጫጩቱ ክፍል ውስጥ ያለችው ሜሪ ሆነች። ስለ አሥራ አንዱ ቀን ዓመት ስትናገር ተሳቀ። ስለማያልቀው ቀንና ስለማያልቀው ሌሊት፣ መሃል ላይ ስላለው ቀለበት ስትናገር "ይህን ለእኔ ያስረዳችኝ ጫጩት የምታሳድግ እናቴ ናት" አለች ወደ መስኮቱ እያመለከተች። ሁለት መቶ ራስ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ተስፋነሽ የምትገባበት ጠፋት።

"ኮከቧ ግን እንዲህ ዝም ብላ አትቀመጥም" አለች ሜሪ። "አንድ ቀን፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ነደደች!"

ምንም አልሆነም። ተስፋነሽ የላስቲኩን ጫፍ ጨብጣ ቆማለች፣ እጇ አልታዘዝ አለ። ያቺው እጇ ናት፣ በዚያ ቀን ጉንጯን የያዘችበት።

"ነደደች" አለች ሜሪ እንደገና። ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። "ኮከቧ መብራት ኃይል ሆነች" አለ አንዱ፣ ሳቁ ጨመረ። ተስፋነሽ አልችልም ልትላት፣ በጥቅሻም ቢሆን ልትለምናት፣ ወደ መድረኩ ቀና አለች።

ያን ጊዜ አየቻት። ሜሪ መብራቱ ስር አልተሸጎጠችም። ግድግዳውንም አልተጠጋችም። ከመብራቱ ትንሽ ራቅ ብላ፣ እጆቿን ፈታ አድርጋ፣ ትከሻዋ ሳይሸማቀቅ ቆማለች። ተስፋነሽ ስንት ሺህ ጊዜ ያየችው አቋም ነው። ይህን አይታ ተሳስታ አታውቅም። ልጅቷ አልበረዳትም።

ሳበችው።

ላስቲኩ ተገነጠለ፣ የሰበታ የከሰዓት ፀሐይ ዘላ ገባች። ሰው ሁሉ እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ። እጁን ሲያወርድ ሜሪ መሃል ላይ ነበረች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ከጉንጯ እስከ ቅንድቧ ቀልቶ። ተስፋነሽ እስከ ዛሬ የፈራችው ሹክሹክታ መጣ። "ፊቷ ምን ሆኖ ነው?" ያለ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሜሪም ሰማችው። ሹክሹክታው እስኪያልቅ ጠበቀች፣ ዝናብ እስኪያባራ እንደተጠለለ ሰው።

"እንዲህ ነው" አለች ከዚያ። "እዚያ ሕይወት ያለው ነገር ካለ ይህን ችሎ የሚኖር ነው። እንዴት እንደሚችለው እስካሁን ማንም አያውቅም። ጥያቄ ያለው?"

ከሱሉልታ የመጣች ሄመን የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። ተስፋነሽ ዓይኗን ጨፈነች።

"ዛፎቹ ጥቁር ከሆኑ፣ ሲነድድ አይቃጠሉም?"

ሜሪ ፊቷ በራ። ስለ ዛፎቹ መልስ መስጠት ስትጀምር መምህር የህያ ሰዓቱን እያሳየ እስኪለምናት አላቆመችም።

ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ፣ ዓለም ገናን አልፈው፣ ተስፋነሽ ነገረቻት። ስለ እርባታው፣ ስለ ትኩሱ አምፖል፣ ስለ መዳፏ። ስትናገር ፎጣውን እንጂ ልጇን አታይም ነበር። ስትጨርስ ሜሪ ጠየቀቻት።

"የስንት ወር እርጉዝ ነበርሽ?"

"የሰባት።"

"እማዬ።" ሜሪ የእናቷን እጅ ከፎጣው ላይ አነሳች። "ሐኪም ጠይቄያለሁ፣ ካርድ አውጥቼ ብቻዬን ሄጄ። ይሄ የደም ሥር ነው፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው የሚሠራው፤ በመንካት፣ በመደንገጥ የሚመጣ አይደለም። አንቺ መብራቱ ሲያቃጥልሽ እኔ ውስጥ ሆኜ ምልክቴን ይዣለሁ።"

የተስፋነሽ እንባ ዝም ብሎ ወረደ፣ ልታብሰውም አልሞከረችም። ረዳቱ "እናት፣ ደህና ነዎት?" አላት። ሜሪ ናት የመለሰችለት።

"ደህና ናት። ወሬ ደርሷት ነው" አለችና ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። "ብርሃን ከፕሮክሲማ ለመድረስ እንኳ አራት ዓመት ነው የሚፈጅበት። አንቺ ጋ ለመድረስ አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀ።"

ቤት ሲደርሱ ማርቆስ የጫጩቱ ክፍል ውስጥ ነበር። አንዱ መብራት ስለተወሰደ አዝኖላቸው የቀረውን አንዱን እስከ ሰጋቱራው አጠገብ ዝቅ አድርጎታል። የሦስት ሳምንት ጫጩቶች፣ ላባቸው የጀመረ፣ ሁሉም ሸሽተው ግድግዳው ስር ተለጥፈዋል።

"አዝነህላቸው..." ብላ ጀመረችና ተወችው።

"ምነው?" አለ ማርቆስ ግራ ገብቶት። "አጠፋሁ?"

"የለም" አለች ተስፋነሽ። "እኔም እንዲሁ ነው ያደረግሁት።"

ሜሪን ጠራቻት። ልጅቷ መጥታ በግራዋ በኩል ቆመች፣ ቀኝ ጉንጯን ወደ እናቷ፣ ግራውን ወደ ተከፈተው በር አድርጋ። ተስፋነሽ ልትዞርና ያንን ጎን ልትይዝ አንድ እግሯን አነሳች፣ ከዚያ እዚያው መልሳ አሳረፈችው። ገመዱን ለሁለት ያዙና ሳቡት።